19 ለ 0

እሺ። ይሰማል አይደል? ከኋላ የምትሰሙት የጎረቤቴ ጀነሬተር ነው። ለምዳችሁታል። ከሁላችሁም ታማኝ አድማጭ እሱ ነው፤ አንድም ክፍል አምልጦት አያውቅም።

ዛሬ ስለ ባጃጅ ጥቅሶች ላወራ ነበር። ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። ከኋላ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ለጥፎ ከፊት መብራት የሌለውን ባጃጅ ሁሉ ፎቶ አንስቼ ይዣለሁ። ይቆየን። አንድ ነገር አለ፣ ካላወራሁት አይለቀኝም። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እማዬ ስነግራት «ለዚህ ነው ስትገላበጥ ያደርከው?» ነው ያለችኝ። ስለ ቲሸርት ነው።

ጣና ዳር ነኝ። ከሰዓት በኋላ። ያው የኔ ቦታ፣ የዘጌ ጀልባዎች ከሚነሱበት ትንሽ ወዲህ፣ ዓሣ ጠባሿ «ዛሬም ብቻህን?» የምትለኝ። ዛሬም ብቻዬን ነበርኩ። ቆሮሶ አዝዤ እየጠበቅኩ ነው። ነፋስ አለ። አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ከውሃ አወጡና ደንገሉ እንዲደርቅ አቁመው አስደገፉት። ጋቢ ደርበዋል። ነፋሱ ጋቢውን ወረድ ሲያደርገው ደረታቸው ላይ ትልቅ ቁጥር አየሁ። 19 ሰረዝ 0። ከስሩ በእንግሊዝኛ «እንከን የለሽ የውድድር ዘመን» ይላል። ከሱ ስር 2007። ጥግ ላይ ያ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ አርማ።

ዓሣዬን ረሳሁት።

ይሄ ልብስ እኮ እንዲታይ አልተፈለገም! ቆይ፣ ለማታውቁት ላስረዳ። የማይጠቅመኝን ነገር ሁሉ እንደማውቅ ታውቃላችሁ። የሚጠፋኝ የቤት ኪራይ መክፈያ ቀን ብቻ ነው።

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት በእጅ የሚጫወቱት ነገር አለ። ስሙን ዛሬ አንነካካውም። የፍጻሜው ጨዋታ ሱፐር ቦውል ይባላል። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ላባቸው እንኳ ሳይደርቅ፣ አሸናፊዎቹ «ሻምፒዮን» የሚል ቲሸርት አጥልቀው ቴሌቪዥን ላይ ይታያሉ። ከየት መጣ? አስቀድሞ ታትሞ ነዋ። ማን እንደሚያሸንፍ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ለሁለቱም ይታተማል። የአንዱ ካርቶን ይከፈታል፣ የሌላው እንደታሸገ ይቀራል። የታሸገውን አሜሪካ ውስጥ ማንም እንዲያየው አይፈልጉም። ለብዙ ዓመታት ወርልድ ቪዥን የሚባለው የእርዳታ ድርጅት እየተረከበ ወደ ድሃ አገሮች ይወስደው ነበር። እስቲ አስቡት። ያልሆነ ታሪክ ታሽጎ፣ ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ...

የሽማግሌው ደግሞ የባሰበት ነው። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ናቸው። በ2007 የውድድር ዘመን 16ቱንም መደበኛ ጨዋታ አሸነፉ። ከዚያ ሁለት ጥሎ ማለፍ። 18 ለ 0። አንድ ቀረች። እንዲያውም ይችን «19 ለ 0» የምትል ነገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አስቀድመው አመልክተው ነበር። ሳይጫወቱ! ላም አለኝ በሰማይ አይደለም ይሄ? ለላሟ ማመልከቻ አስገብተውላታል እኮ።

ፍጻሜው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2008 ነው፣ አሪዞና። ተጋጣሚው ኒው ዮርክ ጃይንትስ። ከአምስት ሳምንት በፊት በነዚሁ በፓትሪየትስ 38 ለ 35 የተሸነፈ ቡድን። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ፓትሪየትስ 14 ለ 10 እየመሩ ነው። ከዚያ ዴቪድ ታይሪ የሚባል ብዙም የማይታወቅ ልጅ ዘሎ ኳሷን ከራስ ቁሩ ጋር አጣብቆ ይዟት ወደቀ። ከራስ ቁሩ ጋር! ዩቲዩብ ላይ አለ፣ እዩት። 35 ሰከንድ ሲቀር ጃይንትስ አገቡ። 17 ለ 14። ካርቶኑ ታሸገ።

የአርሰናል ደጋፊ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ይገባኛል። አትሳቁ። በ2003/04 ሳንሸነፍ ዓመቱን የጨረስን ነን። 38 ጨዋታ። 12ቱ አቻ ናቸው፣ እሺ፣ «ሚኒስትሩ» የምንለው ጓደኛዬ ሁልጊዜ ያቺን አቻ ያነሳብኛል። አቻ ሽንፈት ነው? አይደለም። ከዚያ ግን 2006፣ ፓሪስ፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ። ሌህማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። በ10 ሰው ሆነን ካምፕቤል አገባ። እስከ 76ኛው ደቂቃ ድረስ እኛ ነበርን የአውሮፓ ሻምፒዮን። ከዚያ የባርሴሎናው ኤቶ፣ ከዚያ ቤሌቲ አገቡብን። ለአርሰናልም እንዲህ ዓይነት ቲሸርት ታትሞ ቢሆን፣ የሆነ አገር የሆነ ሰውዬ ለብሶት ባገኘው... አላውቅም ምን እንደማደርግ። እገዛዋለሁ መሰለኝ። ደመወዜን ነው የምሰጠው።

ወዴት ነበርኩ? አዎ፣ 2007። እዚህ ላይ አንድ ግኝት አለችኝ፤ ቤት ሆኜ ነው ያገኘኋት፣ ኩራት ይሰማኛል። ቲሸርቱ ላይ 2007 ነው የሚለው አይደል? የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይልም። በኛ 2007፣ በጥር፣ ፓትሪየትስ በእርግጥም ዋንጫውን ወስደዋል! ሲያትልን 28 ለ 24 አሸንፈው። በፈረንጅ 2015 መሆኑ ነው። ስለዚህ ልብሱ ጣና ዳር ሲደርስ ግማሹ እውነት ሆነ። 19 ለ 0 የምትለዋ አልተሳካችም፣ ግን ዓመተ ምህረቱ ሠራ። ሰው ዋሸ ከምትሉት በፊት አቆጣጠሩን ጠይቁት ነው የምለው። አይ፣ ይሄን አልልም፣ ተውት።

ደግሞ በነሱ 2007 እኛ ምን ላይ ነበርን? ሚሊኒየም! 2000ን ገና መግባታችን። ብላክ አይድ ፒስ አዲስ አበባ መጥተው ዘፈኑ። ዓለም ሰባት ዓመት አልፎት የሄደውን ድግስ ለብቻችን ደገስን፣ እነሱም መጥተው ሳይስቁ ዘፈኑልን። ቲሸርቱ ትዝ ይላችኋል? የሚሊኒየም ቲሸርት ያልነበረው ቤት ነበር? እማዬ አሁን ወለል ትወለውልበታለች። በጣም ይጠጣል፣ ውሃ ማለቴ ነው።

እሺ። ወደ ሽማግሌው።

ተነስቼ ሄድኩ። «እንዴት ዋሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዓሣ ፈልገህ ነው?»

«አይ፣ አዝዣለሁ። ቲሸርትዎ ገርሞኝ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ፎቶ ነው?»

«አቤት?»

«ፎቶ ከሆነ ይከፈላል።»

ይሄን በጣም ኮስተር ብለው ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ሆዴ በእውቀት ተወጥሯል፣ ታውቁኛላችሁ። «ፎቶ አይደለም። ይሄ የለበሱት ቡድን እኮ...» ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። መርዶ የምነግር ነው የሚመስለው። «ይሄ ቡድን ተሸንፏል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

አውቃለሁ! ከዚያ መረባቸውን እየፈቱ ነገሩኝ። አንድ አሜሪካዊ እዚሁ ዳር አይቷቸው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አስተርጓሚው ነገራቸው። ሰውየው የራሱን ሸሚዝ አውልቆ፣ ብር ጨምሮ፣ በዚህ ሊለውጣቸው ለመናቸው። እምቢ አሉ።

«ለምን አልሸጡለትም?»

«እሱን ሸጬ ሌላው ሲመጣ ምን ላሳየው?»

እና ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ ወደ ጀልባው ሲመጣ ጋቢያቸውን ወረድ ያደርጋሉ። ጋቢውን ያወረደው ነፋስ መስሎኝ ነበር እኔ። ባለማስታወቂያ ናቸው እኮ! አዲስ አበባ ቢሆኑ ቢልቦርድ ላይ ነው የምናያቸው። አርቲስቶቻችን ስፖንሰር ፍለጋ ሲንከራተቱ እሳቸው ከሰልባጅ ተራ በተገዛ ልብስ ገቢ ፈጥረዋል። እዚህ ድረስ ደስ ብሎኛል። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይሄን ክፍል አልቀዳም ነበር፤ ለሚኒስትሩ ደውዬ እስቅ ነበር። ግን ለሱ መደወል አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ቀጥለው ምን አሉኝ...

«ያንተስ ምን ይላል?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ለብሼዋለሁ። ያንን ቲሸርት። ጠዋት ሳነሳው አላሰብኩበትም፣ የታጠበው እሱ ብቻ ነበር። የቆዩ አድማጮች አውቃችሁታል። «የሙሽራው ወገን» የሚለው፣ ከስሩ ሁለት ፊደል፣ መሃል ልብ፣ ከዚያ የጥር ቀን። የሁለቱ ፊደላት ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ አልናገርም ብዬ ምያለሁ። የመጀመሪያው ፊደል «ጉዳዩ እየታየ ነው» ማለት የሚወድ ሰውዬ ነው። በቃ። ለምን እንደቀረ የሰማችሁ ሰምታችኋል፤ ያልሰማችሁ ደግሞ ክፍሉን አጥፍቼዋለሁ፣ አትፈልጉት።

ሽማግሌው መነጽር አልያዙም። ማንበብ አልቻሉም። ማለት እችል ነበር፣ የምርቃት ነው፣ የሩጫ ነው። ታላቁ ሩጫን ሳይሮጥ ቲሸርቱን የሚለብስ ስንት ሰው አለ፣ ማንም አይጠይቀውም።

«የሰርግ ነው» አልኩ።

«ያንተ?»

«የጓደኛዬ።»

«እሰይ። ወለዱ?»

«አልተጋቡም።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም። አሁን ይመክሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያለው ነው» ይላሉ፣ እኔም «አሜን» ብዬ ወደ ዓሣዬ እሄዳለሁ። ጠጋ አሉ። እጅጌዬን ይዘው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ገለበጡና ስፌቱን አዩ።

«ጥጥ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ጥጥ አይደለም። ግማሹ ፖሊስተር ነው።» ለቀቁት። «የኔ ይሻላል።»

ከዚያ ወደ መረባቸው ዞሩ። ይሄው ነው። ታሪኩ ይሄው ነው። ዓሣ ጠባሿ ጠራችኝ፣ ሄድኩ፣ በላሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

«የኔ ይሻላል።»

እንዴት እንዳሉት ላሳያችሁ። በሳቅ አይደለም። በንቀትም አይደለም። እንዲህ፣ «የኔ ይሻላል»፣ የሽንኩርት ዋጋ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። መንገድ ላይ ለራሴ ደጋግሜ አልኩት፣ ባጃጁ ሹፌር ዞሮ አየኝ። ስለ ጨርቁ ነው ያሉት? ነው መሰለኝ። ሒሳብ ስከፍል ዓሣ ጠባሿ «እሳቸው እኮ የፋብሪካ ሰው ነበሩ» አለችኝ። ጨርቃ ጨርቅ። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው፣ በፈረንጅ 1961 የተቋቋመው፣ የኛው። ወጣትነታቸውን እዚያ ክር ሲነኩ ነው ያሳለፉት። ስለዚህ ጣታቸው ነው ያነበበው። እሺ፣ ይሄ ያስኬዳል። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ስለ ጨርቅ ተናገረ። ልተኛ።

አልተኛሁም። ምክንያቱም ሁለተኛ ትርጉም አለው። ሁለታችንም ያልሆነ ነገር ለብሰናል። የሳቸው ያልሆነ ዋንጫ፣ የኔ ያልሆነ ሰርግ። እና የሳቸው ይሻላል። ልክ ናቸው እኮ! ፓትሪየትስ ቢያንስ ተጫውተዋል። 18 ጊዜ አሸንፈው፣ ሜዳ ገብተው፣ መርተው፣ 35 ሰከንድ ሲቀር ነው የተነጠቁት። በኋላም ተነስተው ወስደዋል፤ ያ ኮከባቸው ቶም ብሬዲ ሲያቆም ሰባት ዋንጫ ነበረው። የኛ ሰርግ ሜዳም አልገባ። ሽማግሌ ተልኮ፣ አዳራሽ ተይዞ፣ ቲሸርት ታትሞ፣ ከዚያ አንድ ስልክ። ራስ ቁር ላይ የተያዘ ኳስ የለው፣ ምን የለው። ዩቲዩብ ላይ ገብቼ «እዚህ ጋ ነው የተበላሸው» የምለው ደቂቃ የለም።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቀኝ ነው። ሽማግሌው ልውውጥ እያሰቡ ቢሆንስ? አሜሪካዊው የጠየቃቸውን እሳቸው ሊጠይቁኝ? ነክተው አዩ፣ መዘኑ፣ አላዋጣቸውም። ልብሴ ተመዝኖ ወድቆ ቢሆንስ? ይሄ ከሁሉም በላይ ነው የሚያናድደኝ። አልለውጥም ነበር ግን። ወይ እለውጥ ነበር? እለውጥ ነበር። ያንን ጉድ አግኝቼ!

እውነት ግን ለምንድነው የምለብሰው እኔ? እማዬ ለወለል ጠይቃኛለች። ግማሽ ፖሊስተር ነው፣ ውሃ አይጠጣም ብዬ እምቢ አልኩ፤ ያኔ ገና ፖሊስተር መሆኑን እንኳ አላውቅም፣ ዝም ብዬ ነው ያልኩት። ሚኒስትሩ ቤት ስሄድ እቀይራለሁ። አንዴ ረስቼ ለብሼው ሄጄ ሹራቤን እስከ አንገቴ ቆልፌ ተቀመጥኩ፣ በዚያ ሙቀት። «ታመሃል?» አለኝ። «ብርድ ነው» አልኩ። በባሕር ዳር በሚያዝያ! ዝም አለ። ያኔ ያወቀ ይመስለኛል። እሱ የራሱን ምን እንዳደረገው ጠይቄው አላውቅም። የሱማ ነጭ ነበር፣ «ሙሽራው» የሚል።

እና አሁንም ሰው ሲጠይቀው «ጉዳዩ እየታየ ነው» ይላል። እንስቃለን። ይሄን ቀልድ እኔ ነኝ እዚህ ፖድካስት ላይ ያስለመድኳችሁ፤ ኮሜንት ላይ ሁላችሁም ትጽፉታላችሁ፣ እሱም ያነባል፣ ይወደዋል። ግን እሷ... እሷ አግብታለች እኮ። አሁን በቅርቡ። ይሄን ልቁረጠው ይሆን? እንጃ። ይታያል። አያችሁ፣ እኔም «ይታያል» አልኩ።

አንድ ነገር ግን እየቆየ መጣብኝ፣ ሱፐር ቦውሉን ሳስብ። ካርቶኑ። የኛም ሁለት ካርቶን ነበር። ከማተሚያ ቤቱ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በባጃጅ፣ አንዱን ጭኔ ላይ አድርጌ። የሙሽራው ወገን እና የሙሽሪት ወገን። የኛን ያን ቀን ከፍተን ለካን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ጠበበኝ አልጠበበኝም ተባባልን። የነሱን እንደታሸገ ለወንድሟ ሰጠሁት። አልተከፈተም። ቢያንስ ስሰጠው አልተከፈተም ነበር። ታዲያ የት ገባ? ያ ሁሉ ቲሸርት አይጣልም፣ ማን ይጥለዋል። ገጠር ዘመድ ይኖራቸዋል፣ ሜጫ በኩል። የሆነ ሰው የሆነ ማሳ ላይ «የሙሽሪት ወገን» ለብሶ... ጥጥ ይሁን ፖሊስተር እንኳ አላየሁትም፣ አንድ ላይ ነው የታዘዘው፣ ያው ነው መሰለኝ። ቀለሙ ግን የተለየ ነበር። ሐምራዊ ነው? ሚኒስትሩ ሐምራዊ ይሁን ብሎ ተከራክሮ ነበር፣ እሷ ግን አልወደደችውም። ቡርቱካናማ ይሆን? ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር እኮ፣ ጭኔ ላይ ነበር፣ መንገዱን ሙሉ እያየሁት... አይ። እሱን ልጠይቀው አልችልም። እሷን ደግሞ በምን አፌ። ማተሚያ ቤቱ ትዕዛዝ መዝግቦ ይይዝ ይሆን? ነገ በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ፣ ማለቴ ጉዳይ እንኳ የለኝም፣ ግን...